የተሐድሶ ትምህርት ለገበሬው ቤት ምን ይጠቅማል?

በየመንደራችን እግሩ የተቆረጠ፣ ዓይኑ የጠፋ፣ ጆሮው የማይሰማ፣ ጓያ በልቶ እግሩ የከዳው፣ ከተወለደ ጀምሮ ቆሞ ያልሄደ ሰው አለ። የዓለም የጤና ድርጅት በ2022 እንዳስታወቀው ከዓለም ሕዝብ ውስጥ ከስድስት ሰው አንዱ ከባድ ጉዳት ያለበት ነው። እንግዲህ ነገሩ የጥቂት ቤቶች ጉዳይ አይደለም። ዛሬ በጎረቤት ያየነው ነገ በራሳችን ቤት ሊደርስ ይችላል። ከዛፍ መውደቅ አለ፣ በሬ መውጋት አለ፣ የመኪና አደጋ አለ፣ በሽታ አለ፣ እርጅናም አለ።

ይህን ስናይ ብዙዎቻችን «ምን ይደረግ፣ አንዴ የመጣ ነው» ብለን እናልፋለን። ደግ የሆነው ይመጸውታል። አንዳንዱ ቤተሰብ ግን ሰው እንዳያይበት ልጁን ጓዳ ውስጥ ይደብቃል። ምጽዋት የአንድ ቀን ረኃብ ያስታግሳል እንጂ ሰውን ከተቀመጠበት አያስነሣም። መደበቅ ደግሞ ጉዳቱን ያብሰዋል። ከሁለቱም የሚሻል መንገድ አለ። እርሱም ተሐድሶ ይባላል።

በዚህ ትምህርት ተሐድሶ ምን እንደ ሆነ፣ በኮሌጅ እንዴት እንደሚጠና፣ ይልቁንም ሌላ ዋና ትምህርት ያለው ተማሪ ይህን በተጨማሪ ቢማር ለገጠሩ ሕዝብ ምን እንደሚጠቅም እንመለከታለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ካልተባሉ በስተቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ተሐድሶ ማለት ምን ማለት ነው?

ተሐድሶ የሚለው ቃል «አደሰ» ከሚለው ጋር ዘመድ ነው። ጎጆ ያዘመመ እንደ ሆነ ባላ ይደገፍለታል፣ ሣሩ ይለወጣል፤ አዘመመ ተብሎ አይቃጠልም። ሰውም ቢጎዳ እንደዚሁ ነው። ነገር ግን ሰው ጎጆ አይደለም። ጎጆን ሌላ ሰው ያድሰዋል፤ በተሐድሶ ሥራ ግን ዋናው ሠራተኛ የተጎዳው ሰው ራሱ ነው። ሌሎቻችን ረዳቶቹ ነን።

የአንድ ሰው እግር ቢቆረጥ ሐኪም ቁስሉን ያድናል። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ግን ሰውየው ገና ብዙ ጥያቄ አለው። «እንዴት ልሂድ? ምን ሠርቼ ልብላ? ልጆቼን በምን ላሳድግ? ሰው ፊት እንዴት ልቅረብ?» ይላል። ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚፈልገው ሥራ የተሐድሶ አገልግሎት ይባላል። ሥራው ሦስት ወገን አለው። አንደኛ፣ የቀረውን የሰውነት ኃይል ያጠነክራል። ሁለተኛ፣ ለሰውየው የሚስማማ ሥራ ወይም ትምህርት ያመቻቻል። ሦስተኛ፣ በዕድሩም፣ በስብሰባውም፣ በሠርጉም ከሰው እኩል እንዲገኝ መንገዱን ይከፍታል።

ትምህርቱ ከየት መጣ?

የተሐድሶ ሥራ በትምህርት መልክ እንዲስፋፋ ትልቁን ምክንያት የሰጠው ጦርነት ነው። ከ1914 እስከ 1918 በተደረገው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት እጅግ ብዙ ወታደሮች እጅና እግራቸውን አጡ፣ ዓይናቸው ጠፋ። አሜሪካ በ1918 የቆሰሉ ወታደሮች ወደ ሥራ እንዲመለሱ የሚረዳ ሕግ አወጣች። በ1920 ደግሞ ወታደር ላልሆነው ሕዝብ የሚደርስ ሌላ ሕግ ወጣ። ሕጉ ቢወጣም የሠለጠነ ሰው አልበቃም። ስለዚህ በ1954 የወጣው ሕግ ዩኒቨርሲቲዎች የተሐድሶ ባለሙያ እንዲያሠለጥኑ ገንዘብ መደበላቸው። ከዚያ ወዲህ ትምህርቱ በዚያ አገር ኮሌጆች ሥር ሰደደ።

በአገራችንም ሥራው አዲስ አይደለም። በ1962 በፖሊዮ የተጎዱ ልጆች የሚረዱበት የቼሻየር ድርጅት በመናገሻ ተቋቋመ። በ1965 ደግሞ የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚታከሙበት፣ የሚታደሱበትና ባለሙያ የሚሠለጥንበት አለርት የተባለው ማዕከል በአዲስ አበባ ተመሠረተ።

ይሁን እንጂ ከተማ ያለ ማዕከል ለገጠሩ ሩቅ ነው። እግር የሌለው ሰው የሁለት ቀን መንገድ እንዴት ይሄዳል? ይህ ችግር በብዙ አገር ታየ። በ1978 በያኔዋ ሶቪየት ኅብረት፣ በአልማ አታ ከተማ፣ የብዙ አገሮች መልእክተኞች ተሰብስበው የጤና አገልግሎት ወደ ሕዝቡ መንደር መቅረብ አለበት ብለው ተስማሙ። ከዚህ በኋላ የዓለም የጤና ድርጅት «ማኅበረሰብ አቀፍ ተሐድሶ» የተባለውን አሠራር ማስፋፋት ጀመረ። ይኸውም ዕውቀቱ ወደ መንደር ይሂድ፣ ቤተሰቡና ጎረቤቱ ሥራውን ይማር፣ ከባዱ ብቻ ወደ ሆስፒታል ይላክ ማለት ነው። በአገራችን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከሰውነት ማጠንከሪያ ሕክምና፣ ማለትም ከፊዚዮቴራፒ ትምህርት ጋር፣ ይህንኑ የማኅበረሰብ አቀፍ ተሐድሶ ሥራ በአካባቢው ወረዳዎች ሲሠራ ቆይቷል።

ዋና ትምህርትና ንዑስ ትምህርት

በኮሌጅ አንድ ተማሪ የሚመረቅበት ትምህርት ዋና ትምህርት ወይም ሜጀር ይባላል። ከዋናው ጎን በጥቂቱ የሚያጠናው ሁለተኛ ትምህርት ደግሞ ንዑስ ትምህርት ወይም ማይነር ይባላል። ንዑስ ማለት አነስተኛ ማለት ነው። በአሜሪካ ኮሌጆች ንዑስ ትምህርት ብዙውን ጊዜ አምስት ወይም ስድስት ኮርስ ነው። በአገራችንም ቀደም ባሉት ዓመታት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዋናና ንዑስ ትምህርት ይዘው ይማሩ ነበር።

ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በጥቁር አፈር አገር ዋናው እህል ከተነሣ በኋላ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ይዘራል። ሽምብራው ዋናውን እህል አይሻማም። እንዲያውም መሬቱን ያለማል፣ ለቤቱም ተጨማሪ ምግብ ይሆናል። ንዑስ ትምህርትም እንደዚሁ ነው።

አንድ አባት ከኮሌጅ ለዕረፍት የመጣች ልጁን ቢጠይቃት ነገሩ እንዲህ ሊሆን ይችላል።

«ልጄ፣ አስተማሪ ልትሆኚ አይደል የሄድሽው? ይኼ ተሐድሶ የምትይው ደግሞ ምንድን ነው? ጊዜሽን አይፈጅብሽም ወይ?»

«አባዬ፣ ዋናው ትምህርቴ አስተማሪነት ነው። እሱ አልቀረም። ግን የማስተምርበት ክፍል ውስጥ የማይሰማ ልጅ ቢኖር፣ በምርኩዝ የሚሄድ ልጅ ቢኖር ምን ላድርግ? ካላወቅሁበት ከኋላ አስቀምጬው ይቀራል። ያ ልጅ ማንበብ ሳይችል ያድጋል።»

«እሱስ እውነትሽን ነው። ሳይማሩ መቅረትን እኔም አውቀዋለሁ።»

ልጅቱ የሰጠችው መልስ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ ነው። የተጎዳ ሰው የሚገኘው በሆስፒታል ብቻ አይደለም። በትምህርት ቤት አለ፣ በእርሻ ላይ አለ፣ በፍርድ ቤት አለ፣ በቀበሌ አለ። ስለዚህ ዕውቀቱ በጥቂት ልዩ ባለሙያዎች እጅ ብቻ ቢቀር አይዳረስም። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። አስተማሪው፣ የእርሻ ባለሙያው፣ የሕግ ሰውና የጤና ሠራተኛው ሁሉ ከዚህ ዕውቀት አንድ አንድ ሎሚ ቢይዙ ሸክሙ ይቀላል።

ተማሪው ምን ይማራል?

በመጀመሪያ ስለ ሰውነት ይማራል። ጉዳት ከምን እንደሚመጣና እንዴት እንደሚባባስ ያጠናል። ለምሳሌ ጓያን እንውሰድ። በደምቢያና በፎገራ ሐኪሞች ይህን በሽታ አጥንተዋል። በድርቅ ጊዜ ሌላው እህል ሲጠፋ ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ከተበላ በውስጡ ያለው መርዝ ነርቭን ይጎዳል። እግር ይገተራል፣ ሰውየው ያለ ዱላ መሄድ ያቅተዋል። ጉዳቱ አንዴ ከደረሰ አይመለስም። ስለዚህ ጓያ የግድ ከሆነ በብዙ ውሃ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፣ ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል፣ ብቻውን አለማዘውተር ይገባል። የተጎዳው ሰው ግን አእምሮውና እጁ ደህና ነው። ተሐድሶ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ የጠፋውን ከመቁጠር ይልቅ የቀረውን ይቆጥራል።

ሁለተኛ፣ ስለ ሰው ልብ ይማራል። አካሉ የተጎዳ ሰው ብዙ ጊዜ ያዝናል፣ ይቆጣል፣ ከሰው ይሸሻል። ተማሪው እንዴት እንደሚያዳምጥ፣ ሳይቸኩል እንዴት እንደሚጠይቅ፣ በሰውየው ፈንታ ሳይወስን እንዴት እንደሚመክር ይማራል።

ሦስተኛ፣ ሥራን ከሰው ጋር ማዛመድ ይማራል። እርሻ አንድ ሥራ ይመስላል እንጂ ሲፈታ ብዙ ነው። ማረስ፣ መዝራት፣ ማረም፣ ማጨድ፣ መውቃት፣ እህል መጠበቅ፣ ማጭድ መሳል፣ ሞፈርና ቀንበር መጥረብ ሁሉ በውስጡ አለ። አንድ እግር ያጣ ሰው በጓል ላይ በሬ መከተል ያቅተው ይሆናል። ተቀምጦ ማረም፣ ቀንበር መጥረብ፣ ንብ ማነብ፣ በግ ማድለብ ግን ይችላል።

አራተኛ፣ ሕግ ይማራል። በ1987 በኢትዮጵያ አቆጣጠር የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን እንዲያቋቁምና እንዲረዳ ይላል። በ2000 በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 ደግሞ ሰው በአካል ጉዳቱ ምክንያት ብቻ ሥራ እንዳይከለከል ይደነግጋል። ኢትዮጵያ በ2010 የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት ተቀብላለች። ሕግን የሚያውቅ ሰው መብቱን እንደ ምጽዋት አይለምንም።

አምስተኛ፣ ተማሪው ከመጽሐፍ ወጥቶ በተግባር ይሠራል። ከባለሙያ ጋር ሆኖ የተጎዱ ሰዎችን ቤት ይጎበኛል፣ ያያል፣ ይመዘግባል። ይህ ሳይኖር ትምህርቱ ባዶ ወሬ ይሆናል።

ዕውቀቱ በመንደር ሲሠራ

አሁን ዕውቀቱ እንዴት እንደሚረዳ በጥቂት ምሳሌ እንመልከት።

አንድ ገበሬ ከዛፍ ወድቆ እግሩ ተሰበረ እንበል። ወጌሻ ተጠርቶ በቀርከሃ አጥብቆ አሰረው። በማግሥቱ ጣቶቹ አበጡ፣ ቀዘቀዙ፣ ጠቆሩ፣ ደነዘዙ። ይህ ሲሆን ደም መዘዋወሩን እያቆመ ነው ማለት ነው። ማሰሪያው ወዲያው ካልላላና ሰውየው በፍጥነት ሐኪም ዘንድ ካልደረሰ እግሩ ይሞታል፣ መቆረጥም ይመጣል። በአገራችን ብዙ ልጆች እጅና እግራቸውን ያጡት በስብራቱ ሳይሆን በማሰሪያው ነው። ይህን ምልክት የሚያውቅ አንድ አስተማሪ ወይም የእርሻ ባለሙያ በመንደሩ ቢኖር አንድ እግር ይተርፋል። ወጌሻውም ምልክቱን ቢማር ጥሩ ረዳት ይሆናል።

እግሩ ተቆርጦ ቢሆንስ? ሰውየው ጉልበቱን አጥፎ ውሎ ቢያድር መገጣጠሚያው በዚያው ይደርቃል። የደረቀ ጉልበት ደግሞ ሰው ሠራሽ እግር ለመልበስ ያስቸግራል። ስለዚህ ከሥሩ ትራስ ሳያደርግ ጉልበቱን ዘርግቶ መተኛት፣ በየቀኑም ማጠፍና መዘርጋት አለበት። ሁለት አግዳሚ እንጨት በባላ ላይ አጋድሞ በግቢ ውስጥ ማቆም ይቻላል። በመካከላቸው እየተደገፈ መሄድ ይለማመዳል። ምርኩዙም ልክ አለው። ቀጥ ብሎ ሲቆም የምርኩዙ ጫፍ ከብብቱ ሁለት ሦስት ጣት ዝቅ ማለት አለበት። ክብደቱን በእጁ እንጂ በብብቱ አይጣል። በብብት ላይ መንጠልጠል ነርቭን ይጫናል፣ እጅንም ያደነዝዛል።

ሁለተኛው ምሳሌ እግሩ ወደ ውስጥ ዞሮ የተወለደ ሕፃን ነው። ይህ ቆልማማ እግር ይባላል። ብዙ ሰው እርግማን ይመስለዋል። እርግማን አይደለም። በአሜሪካ አይዋ ዩኒቨርሲቲ ኢግናሲዮ ፖንሴቲ የተባሉ ሐኪም ባወጡት ዘዴ እግሩ በየሳምንቱ በትንሽ በትንሹ ቀና እየተደረገ በጀሶ ይታሰራል። ብዙውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ጀሶ ይበቃል። ለብዙዎቹ ከተረከዝ በላይ ያለው ጅማት በትንሹ ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ ሕፃኑ ልዩ ጫማ ያደርጋል። ጫማው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወሮች ቀንና ሌሊት፣ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ገደማ እስኪሆነው በመኝታ ሰዓት ብቻ ነው። ጫማውን «አሁንማ ዳነ» ብለው ከጣሉት እግሩ ተመልሶ ይዞራል። እዚህ ላይ የሐኪሙ ሥራ ጥቂት ሳምንት ነው፤ የእናትና የአባት ሥራ ግን አራት ዓመት ነው። ቤተሰቡን እየጎበኘ የሚያበረታ ሰው የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ሦስተኛው በሥጋ ደዌ ምክንያት እግሩ የደነዘዘ ሰው ነው። በሽታው በመድኃኒት ይድናል። የሞተው ስሜት ግን ላይመለስ ይችላል። እሾህ ቢወጋው፣ እሳት ቢያቃጥለው አይሰማውም። ስለዚህ በየማታው እግሩን በዓይኑ ይመርምር፣ በውሃ ይዘፍዝፍ፣ ቅባት ይቀባ፣ ጫማም ያድርግ። ይህ ገንዘብ ሳይሆን ልማድ የሚጠይቅ ነገር ነው።

ንዑስ ትምህርት የማይበቃበት ቦታ

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያሻል። አምስት ስድስት ኮርስ የተማረ ሰው ሐኪም አይደለም። ቀዶ ሕክምና አያደርግም፣ መድኃኒት አያዝም፣ ሰው ሠራሽ እግር አይሠራም። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ለመሆን ራሱን የቻለ የብዙ ዓመት ትምህርት ያስፈልጋል። ንዑስ ትምህርት የተማረ ሰው ዋና ጥቅሙ ቀድሞ ማየቱ፣ ጉዳት እንዳይባባስ መምከሩ፣ የት እንደሚላክ ማወቁና ሰውየው ከሆስፒታል ሲመለስ አለመርሳቱ ነው። ከዚህ አልፎ «እኔ አድናለሁ» የሚል ቢመጣ አትመኑት። «ይኼ ከእኔ አቅም በላይ ነው፣ ወደ ሐኪም እንሂድ» የሚለው ነው ትምህርቱ የገባው።

እኛስ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የተደበቀ ልጅ ካለ ወደ ብርሃን እናውጣው። ለጤና ሠራተኛ እናሳይ። ዕድሜው ከደረሰ ለትምህርት እናስመዝግብ።

ሁለተኛ፣ ከአልጋ የማይነሣ በሽተኛ ያለበት ቤት በየሁለት ሰዓቱ ጎኑን ያገላብጠው። በአንድ ጎን ተኝቶ የሚውል ሰው ገላው ይቆስላል፤ ያ ቁስል ሊገድል ይችላል።

ሦስተኛ፣ በራሱ መቀመጥ የማይችለውን ልጅ አጋድመን አናጉርሰው። ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ደግፈን፣ ቀና አድርገን፣ በጥቂት በጥቂቱ እናጉርሰው።

አራተኛ፣ ሰውን በጉዳቱ አንጥራ። «አንካሳው»፣ «ዕውሩ» ማለት ትተን በስሙ እንጥራው። የወለዱትን አባትና እናት ልጅ ስም የሰጡት ሊጠራበት ነው።

አምስተኛ፣ በዕድርና በገበሬ ማኅበር ስብሰባ ላይ የተጎዱትን ወገኖች ራሳቸውን እንጠይቅ። የሚበጃቸውን ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ስድስተኛ፣ ልጆቻችን ኮሌጅ ገብተው ተሐድሶን በንዑስ ትምህርትነት ቢመርጡ አንከልክላቸው። ለዕረፍት ሲመጡም የተማሩትን እንዲያሳዩን እንጠይቅ። የተማረ ልጅ ዕውቀቱን ይዞ ከተማ ቢቀር የኛ ጓዳ እንዳለ ይጨልማል።

መወያያ ጥያቄዎች

1. ሕክምናና ተሐድሶ ልዩነታቸው ምንድን ነው?
2. ዋና ትምህርትና ንዑስ ትምህርት ስንል ምን ማለታችን ነው? በራሳችሁ ምሳሌ አስረዱ።
3. የተሰበረ እግር ሲታሰር የትኞቹ ምልክቶች አደጋ መኖሩን ያሳያሉ? ምንስ ይደረጋል?
4. በቀበሌያችሁ ከቤት የማይወጣ የተጎዳ ሰው አለ? ወደ ሥራ ወይም ወደ ትምህርት እንዲመለስ ማን ምን ሊያደርግ ይችላል? ተወያዩበትና የተስማማችሁበትን በደብተራችሁ ጻፉ።